መርዶዬን ተኝቼ ሰማሁት

የራሱን መርዶ በጆሮው የሰማ ሰው አውቃለሁ የሚል ካለ ሆሳዕና መናኸሪያ ይምጣና ያስተዋውቀኝ። እኔ እስካሁን የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔው ነኝ። ሸምሱ እባላለሁ። የአውቶቡስ ረዳት ነኝ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ አጻጻፌ ካላማራችሁ ማንበቡን ተዉትና ልጃችሁን አፉን አስከፍታችሁ እዩት። ዋናው እሱ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው።

ግራ መንጋጋዬ ጎድጉዷል። በዚያ በኩል ጢም አይበቅልልኝም፣ ጥርስም የለኝም። ተሳፋሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይሳፈርም። «ረዳት፣ ማን መታህ?» ይሉኛል። «ሾፌሩ» እላለሁ። ይስቃሉ። እውነቱን ብነግራቸው መንገዱ ሁሉ ከንፈር መምጠጥ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ከንፈር ሲመጠጥልኝ ያመኛል።

ነገሩ የጀመረው ፎንቆ ነው፣ አስራ አንድ ዓመቴ ላይ። አባቴ ሚሊሺያ ተብሎ ሰሜን ከዘመተ ቆይቷል፤ ደብዳቤም የለም፣ ወሬም የለም። እናቴ ዘይነባ እኔንና ሁለት ታናናሽ እህቶቼን ይዛ ከጓሮ እንሰቷ ጋር ቀርታለች። መጀመሪያ የኋላ ጥርሴ ተነቃነቀ። የልጅ ጥርስ ተነቃነቀ ብሎ ማን ይደነግጣል? ነቅለህ ጣራ ላይ ትወረውረዋለህ፣ አለቀ። ግን የእኔ የተነቃነቀው አንዴ ወልቆ ዳግም የበቀለው ጥርስ ነው። ያንን ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም ብሆን ያስደሰተኝ ከትምህርት ቤት መቅረቴ ነበር።

ገበያ ቀን ጥርስ ነቃዩ ጋ ወሰዱኝ። ሰውየው ጉጠቱን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ አንዱን ነቀለው። «ትል ነው» አለ፣ የሆነ ነገር መሬት ላይ እያሳየ። እኔ ትል አላየሁም። በሳምንቱ ቀጥሎ ያለው ተነቃነቀ። «አላልኳችሁም? ትሉ ወደ ጎረቤት ዘሏል» አለና እሱንም ነቀለ። ትሉ እየዘለለ፣ ሰውየው እየተከተለው፣ ግራ ጎኔን አጽድተው ጨረሱት። የተነቀለበት ቀዳዳ ግን አይደፈንም፤ ከውስጡ ሥጋ መብቀል ጀመረ። ጉንጬ ድንች የያዝኩ መሰለ። የክፍል ልጆች «ሸምሱ፣ አካፍለን እንጂ!» ይሉኝ ነበር። ያኔም አፈኛ ስለነበርኩ መልስ አላጣሁም፤ ግን ቤት ስገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው።

ከዚያ ደግሞ ጆሮ ደግፍ ነው ተባለ። የጎረቤት አዋቂ ነኝ ባይ የማጭድ ጫፍ አግሎ ጉንጬን ተኮሰኝ። ጢም የማይበቅልልኝ ለዚህ ነው። አጥንትና ቆዳ የማይለይ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ ተለማምዷል ብላችሁ ቁጠሩት።

ጤና ጣቢያ አልሄዳችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሄደናል። ወረፋው ከደጁ ወጥቶ አጥሩን ይዞራል። እናቴ ነጠላዋን ጉንጬ ላይ አስራልኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ሁሉ ሳይ ዋልኩ። የኩፍኝ ሥዕል አለ። የወባ ትንኝ አለች፣ ከእኔ ትበልጣለች። የሚያስል ሰውዬ አለ። ጉንጩ ያበጠ ልጅ የለም። ያኔ በልጅ ጭንቅላቴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ሥዕል ከሌለው በሽታ አይደለም ማለት ነው አልኩ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰርም እንደዚያው ያሰበ ይመስለኛል። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ቁስለት ነው» ብሎ ፔኒሲሊን አዘዘልኝ። እየተመላለስኩ ተወጋሁ። ቂጤ ደነደነ፣ ጉንጬ አደገ።

በመጨረሻ አጎቴ ሱልጣን መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እህል የሚያመላልስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳል። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ አየኝና ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ዘይነባ፣ ይሄን ልጅ ምን አድርጋችሁት ነው?» አለ። የዚያኑ ቀን ጋቢና አስገብቶ ሆሳዕና ወሰደኝ። ዶክተሩ ጣቱን አፌ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ ዳበሰና «ይሄን ሁሉ ጥርስ ማነው የነቀለው?» አለ።

«ገበያ ነው፣ ዶክተር» አለ አጎቴ።

«ጥርሱ እኮ ምንም አልሆነም ነበር።»

እዚህ ሊያክሙኝ እንደማይችሉ፣ ያለው አዲስ አበባ ብቻ መሆኑን ነግሮ ወረቀት ጻፈልን። «ያለው» ያለው ምን እንደሆነ አልነገረንም።

አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ገባን። ስሙን አልጠራም፣ በቅንነት የሚሠሩ ሰዎችም አይቼበታለሁ። ከጉንጬ ላይ ቁራጭ ሥጋ ወስደው መረመሩ። መልሱ እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ነበር የምንውለው፤ አግዳሚው ሲሞላ ወለሉ ላይ እንቀመጣለን። አንድ ቀን ዶክተሩ አጎቴን ብቻውን ጠራው። በመስታወት በር በኩል አየኋቸው። ዶክተሩ ብዙ ያወራል፣ በእጁ ይቆጥራል። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳውን ደገፈ። ሲወጣ «ምን አለህ?» አልኩት።

«እጢ ነው። ቀላል ነው» አለኝ፣ አይኑን ሌላ ቦታ አድርጎ። ከዚያ ወጥቶ ብርቱካን ገዝቶልኝ መጣ። አጎቴ ሱልጣን ብርቱካን! ሰውየው እኮ ለራሱ ሻይ ሲጠጣ እንኳ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ያኔ ነበር መጠርጠር።

አስተኙኝ። አጎቴ መኪናውን አቁሞ መቆየት ስለማይችል «ስመላለስ አይሃለሁ» ብሎኝ ሄደ። ልጆች የሚተኙበት ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ የእኛ አይነት በሽተኞች የሚተኙባት ጥግ አለች። እንደ ትርፍ ዕቃ ነው ያስቀመጡን። አማርኛዬ የትምህርት ቤት ስለነበር «ጥርስ» ማለትና «ሽንት ቤት» ማለት እችላለሁ፤ «ፈራሁ» ግን እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ማታ መብራት ሲጠፋ በሐዲይኛ ለራሴ አወራ ነበር፣ ቋንቋው እንዳይጠፋብኝ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አንገቷ ስር እጢ ነበራት። ታደለች ትባላለች፣ አባቷ ሄራሞ ነው፣ ከዱራሜ ነው የመጡት። እሷ ከምባትኛ፣ እኔ ሐዲይኛ፤ አንዳንዱ ቃል ይገናኛል፣ አንዳንዱ ይሳሳታል፣ የቀረውን በተሰበረ አማርኛ እንጠግነዋለን።

«አንተ ከየት ነህ?»

«ከፎንቆ።»

«ፎንቆ! ስሙ ራሱ ያበጠ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ፎንቆ ሆነ። እኔም ዱራሜ እላታለሁ። አፏ ከእኔ ይብሳል። ነገሩ ሁሉ የገባት እሷ ነበረች። «መርፌው ክንድህ ላይ ሲገባ አትየው፣ የእኔን ፊት እየው። ታስመልሳለህ፣ ከዚያ ጸጉርህ ይረግፋል፣ አትፍራ። እኔ አሁን ራሰ በራ ነኝ፣ እየኝ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አልመስልም?» ብላ ሻሿን አወለቀች። እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ መንጋጋዬ እስኪያመኝ።

መርፌው ገባ። ሁለት ቀን አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። በሳምንቱ ግን ምን ልበላችሁ፣ ያ ድንች የሚያህል እብጠት ፀሐይ እንደመታው ቅቤ ቀለጠ። ጉንጬን ስነካው የእኔ አልመስል አለኝ። እናቴ በአጎቴ መኪና ከእንሰቷ ያወጣችውን ቡላ ልካልኝ ነበር። ሲስተሯ ጎንደሬ ናት፣ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ቡላ አይታ አታውቅም። እንደ አጥሚት መስሏት አፍልታ አመጣችልኝ፤ ሙጫ ሆኗል። ታደለች አየችና «ሲስተር፣ በዚህ ደብዳቤ ይታሸግበታል» አለቻት። ግማሹን ለእሷ ሰጠኋት። ሳህኑን ቢገለብጡት የማይፈሰውን ቡላ ተሳስቀን በላነው።

ያ ክፍል አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ልጅ ከአልጋው ሲጠፋ የሚናገር የለም። ጠዋት ትነሳለህ፣ አልጋው ተነጥፏል፣ አለቀ። ብትጠይቅ ሲስተሯ «አንተ የራስህን መድኃኒት ዋጥ» ትልሃለች። ለልጅ አይነገርማ! በሽታው አይነገረውም፣ የጎረቤቱ ሞትም አይነገረውም። ስለዚህ እኛ የራሳችንን ሕግ አወጣን፤ ሳይሰናበት የጠፋ ሁሉ ሞቷል ማለት ነው። ታደለች ናት ያለችኝ። እኔም አመንኳት፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች።

አጎቴ ሊወስደኝ መጣ። ሊነጋጋ ሲል ነው፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ጭነት አለበት። «ተነስ፣ ቤትህ ልውሰድህ» አለኝ። ታደለች ተኝታለች፣ ሻሿ ተንሸራቶ አይኗን ሸፍኖታል። «ልንገራት» አልኩት። «ተዋት፣ ትተኛ። መኪናው ይጠብቃል» ብሎ እጄን ያዘኝ። ሄድኩ።

ፎንቆ ስደርስ እናቴ ጉንጬን አገላብጣ አየችው። ዳበሰችው። ከዚያ ጮኸች፣ በደስታ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ዳነ ተባለ። ሰደቃ ይውጣ ተባለና በግ ታረደ፤ ሸህ ተጠርተው ዱዓ ተደረገ። እኔ ማኘክ ስለሚያቅተኝ ከሥጋው መረቁን ብቻ ነው የቀመስኩት። አንድ ነገር ግን አየሁ፤ አጎቴ ሱልጣን አልበላም። ቁራሹን በጣቱ ያገላብጣል፣ ሰው ሲያየው ወደ አፉ ያስጠጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በመጨረሻ ለውሻ ጣለው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሥጋው አልበሰለም ይሆናል አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ቀኙ መንጋጋዬ አበጠ። እናቴ «ብርድ ነው» እያለች ቅቤ ታሸኛለች። አጎቴ መጣ፣ አየኝ፣ ተመልሶ ሄደ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ሲሰበሰብ ለምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። የመንደራችን ሐጂ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ አጎቴ ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቶ። እናቴ ሳይናገሩ ገባት። መሬት ላይ ወደቀች። «ሙዘይኔ! ሙዘይኔ! ብቻህን ሞትክ!» እያለች ደረቷን መታች። ሙዘይን አባቴ ነው። እኔም ከመደቡ ላይ ተነስቼ ለአባቴ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ዘይነባ፣ ዘይነባ፣ ተረጋጊ» አሉ ሐጂ። «ባልሽ አይደለም። ስለ ባልሽ የሰማነው ነገር የለም።»

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ ማነው?»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ አየሁ። ግድግዳ ብቻ ነው።

ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ደጁን ሞልተውታል። አንዷ ገብታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «የኔ ጌታ፣ የኔ አንድዬ፣ ምነው ቀድመኸኝ!» ትላለች፤ እያለቀሰች እግሬን ረግጣኛለች። «እማማ፣ እግሬን» እላታለሁ፣ ማን ይሰማኛል። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሆኜ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሆስፒታል ጥግ ላይ ቢያንስ ሊያክሙኝ ነበር የሚሞክሩት። ቤቴ ውስጥ ግን እያየኋቸው ሊቀብሩኝ ነው።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ሥርዓቱ ከፈጣሪ ጀምረው፣ ልጁ ካንሰር የሚባለው ክፉ በሽታ እንደያዘው፣ አጎቱ ከዶክተሩ እንደሰማ፣ ለእናት በድንገት አይነገርም ተብሎ እስካሁን እንደቆየ ተናገሩ። እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ያን ፊቷን እስካሁን አልረሳውም። ተነስታ ሽማግሌዎቹን በመሃል አልፋ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ዶክተሩ መድኃኒት የለውም አለህ?»

«ዘይነባ፣ ካንሰር እኮ ነው...»

«የጠየቅኩህን መልስ። የለውም አለህ?»

«አለው አለ። በየሦስት ሳምንቱ ይወጋ፣ ብዙ ጊዜ መደጋገም አለበት፣ ቢጠፋም እንዳታቋርጡ፣ ተመልሶ ይመጣል አለ። ግን እኔ ካንሰር የያዘው ሰው ሲድን አይቼ አላውቅም።»

«አንተ ምን አይተህ ታውቃለህ? ጎማ ነው ያየኸው!» አለችው። «ዶክተር መርፌ ሲልህ አንተ መርዶ ይዘህልኝ መጣህ! በግ አሳረድከኝ! መኪና ያለህ ሰው በእግር ሽማግሌ ትሰበስባለህ!»

አጎቴ አለቀሰ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ልጁ እናቱ ጎን ይሙት ብሎ ነው ያመጣኝ። ይሄን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ልነክሰው ፈልጌ ነበር፣ መንከሻ ጥርስ ነው ያጣሁት።

እናቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ሐጂ፣ ለልቅሶ ከተነሳችሁ አይቀር ለሕያው ተነሱልኝ። የይለፍ ወረቀት ያስፈልገኛል።» በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ንቅንቅ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ሴት ብቻዋን ብትሄድበት «ነገ ነይ» የሚል ሰው ነው። ለመርዶ የመጡት ሽማግሌዎች እንዳሉ፣ ኩታቸውን እንደተከናነቡ፣ ሊቀመንበሩ በር ላይ ሄደው ቆሙ። ሰውየው ሲወጣ ያን ሁሉ ሽማግሌ በማለዳ ሲያይ መርዶ መስሎት የበሩን መቃን ያዘ አሉ፤ የእሱም ወንድም ዘማች ነው። የመጡት ለማኅተም ብቻ መሆኑን ሲነግሩት በደስታ መታላቸው። እስካሁን የሳቅኩበት መርዶ እሱ ብቻ ነው።

እህቶቼን ለጎረቤት ሰጥታ እናቴ ይዛኝ ሄደች። ሆስፒታል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የታደለችን አልጋ ነው። እሳት ያቃጠለው ሕፃን ተኝቶበታል። «ታደለችስ?» አልኩ። «አባቷ ወሰዳት» አለች ሲስተሯ። ቀናሁባት። ድና ሄዳ መስሎኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ደስም አይልም። መርፌው አንድ ጊዜ አለ፣ አንድ ጊዜ የለም። እናቴ አልጋዬ ስር ሲሚንቶው ላይ ነው የምትተኛው፤ ጥበቃው እየመጣ «ውጪ» ይላታል፣ ትወጣለች፣ ሲሄድ ተመልሳ ትገባለች። አማርኛ አትችልም ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማርኳት። በየቀኑ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሄዳ «የልጄ ዛሬ መጣ?» ትላለች። «አልመጣም» ይላታል ፋርማሲስቱ። በማግሥቱ ደግሞ «የልጄ ዛሬ መጣ?» መጨረሻ ላይ ሰውየው ገና ከሩቅ ሲያያት ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። አንድ ቀን ግን ራሱን ከመነቅነቅ ይልቅ በእጁ ጠራት። መድኃኒቱ ሲመጣ ምን እንደሚባል አላስተማርኳትም ነበርና እናቴ በሐዲይኛ መረቀችው፣ ሳትጨርስ መስኮቱን ሳመችው።

እኔ ዳንኩ። ጨረስኩ። ዶክተሩ «አሁን ሂድ» ሲለኝ የሚቀጥለውን መርፌ እየጠበቅኩ ስለነበር ደስታው ቶሎ አልገባኝም።

አሁን ንዴቴን ልናገር። ካድሬ ካነበበውም ያንብበው። ለኩፍኝ ዘመቻ አለ፣ ለወባ የሚረጭ መኪና አለ። እሰየው፤ እህቶቼ የተከተቡት በዚያ ነው። ግን የልጅ ካንሰር ሲባል ሁሉም «እሱ ጥቂት ነው» ይላል። ጥቂት የሆንነው እኮ ሌሎቹ ጥርስ ነቃይ ደጃፍ ላይ፣ ማጭድ ስር፣ ሳይቆጠሩ ስላለቁ ነው! የፎንቆው ድሬሰር አንድ ሥዕል፣ ጉንጩ ያበጠ ልጅ ሥዕል፣ ግድግዳው ላይ ቢኖረው ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ያ መርፌ ሆሳዕና ቢኖር ኖሮ እናቴ ከእንሰቷ ሳትለይ ታሳክመኝ ነበር። ከሐዲያና ከከምባታ የመጣች እናት በቋንቋዋ የሚነግራት አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቢቀመጥ መንግሥት ይከስራል? የመድኃኒቱ ነገር ከላይ ካልታሰበበት፣ እንደ ክትባቱ በዕቅድ ካልተያዘ፣ ልጅ የሚድነው በእናቱ እግር ጥንካሬ ብቻ ነው። የእኔ እናት እግሯ ጠንካራ ነበር። የሌላውስ?

ረዳት ከሆንኩ በኋላ አንድ ጊዜ ዱራሜ የሚሄድ አውቶቡስ ደረሰኝ። ገበያ ቀን ነበር። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እኔ «የሄራሞ ልጅ ታደለች» እያልኩ ጠየቅኩ። ቀልድ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ «ሊቀመንበርነቷን ለቀቀች?» ልላት ነው። አዲሱ መንደር ጋ ጠቆሙኝ፣ ቤቱ በመስመር የተሠራበት። አንዲት እናት ደጃፏ ላይ እንሰት ትፍቃለች። ቀና አለች። አይኗ መንጋጋዬ ላይ ቆመ። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ።

«ሄራሞ! ና ውጣ! ሄራሞ!» ብላ ጮኸች። «ያ ልጅ ነው! የፎንቆው!»

ሽማግሌው ወጣ። ቀረብ ብሎ ጉድጓዴን በጣቱ ነካው። «አልሞትክም እንዴ?» አለኝ።

«እኔ? ማነው ሞተ ያለኝ?»

«ታደለች ናታ።»

ውስጥ አስገቡኝ። እናቷ ምን ልስጥህ አላለችኝም። ቡላ በወተት አገንፍታ፣ ለስላሳ አድርጋ፣ ፊቴ አስቀመጠች። ጥርሴ እንደተነቀለ ታደለች ነግራቸው ነበር ማለት ነው። ሄራሞ ነው የተናገረው፣ እሳቱን እያየ። ያን ቀን ጠዋት ታደለች ስትነሳ አልጋዬ ተነጥፎ አገኘችው። ሲስተሯን ጠየቀች፣ ዝም አለቻት። ለቅሶ ተቀመጠችልኝ፤ አልበላም አለች፣ መርፌም እንቢ አለች። አባቷ ሊጠይቃት ሲመጣ «ፎንቆ ሞተ፣ እኔም እዚህ ልሞት ነው፣ ቤቴ ውሰደኝ» ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። እጢዋ ጠፍቷል፣ ደህና ትመስላለች። ወሰዳት። እጢው ሲመለስባት ደግሞ የመንደር ምሥረታው ደርሶ፣ ቤትህን አፍርሰህ አዲስ ቦታ ሳትተክል የይለፍ ወረቀት አይሰጥህም ተባለ። ቤቱን ተከለ። እሷ አልጠበቀችውም።

«እኔ እኮ በዚያን ሰዓት ሰደቃ ላይ መረቅ እየጠጣሁ ነበር» አልኩ። የወጣኝ ይሄው ነው። አፈኛው ሸምሱ! ቡላው እየቀዘቀዘ ሄደ። እናቷ «ብላ» አለችኝ። በላሁት። ለስላሳ ነበር፣ አንድም ጓጓላ የለውም፣ እንደ ሲስተሯ አይደለም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ለእኔ፣ በሕይወት ላለሁት፣ አገር ተሰብስቦ መርዶ አረዳኝ። የእሷን የሚያረዳኝ ግን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ እኔም ለዓመታት በልቤ ከእሷ ጋር ስቀልድ ኖርኩ። እሷ ደግሞ የሐሰት መርዶዬን ማንም ሳይነግራት ለራሷ ነገረች።

አሁን አውቶቡሱ አዲስ አበባ ሲያድር እዚያ ጥግ እወጣለሁ። ጥበቃው «አንተ ደግሞ መጣህ?» ይለኛል፣ አልፈዋለሁ። ልጆቹ አልጋ አጠገብ ቆሜ መንጋጋዬን አስነካቸዋለሁ። «ይሄው፣ እኔ እንደናንተ ነበርኩ፣ መርፌው እስኪያልቅ እንዳትነሱ» እላቸዋለሁ። ከዚያ እነሱ ባዶ አልጋ እያሳዩ ይጠይቁኛል። የሆመቾው ልጅስ? የዱራሜዋስ? የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ የዳነውን ድኗል፣ የሞተውን ሞቷል። ሲስተሮቹ ይቆጡኛል። የማላውቀውን ደግሞ ስሙንና የአባቱን ስም እይዝና «መንገዴ ነው፣ ጠይቄ እመጣለሁ» እላለሁ።

ጠይቄም እመጣለሁ።